ልጅ የለኝም ያሉት እናት

እማማ አጸደ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነበር የሚሉት። ለእኔም፣ ለገዛ ልጃቸው ለሜሪም፣ ለአከራያችን ሚስትም። ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝና «ጠይባ፣ ዛሬ አረፈድክ» ይሉኛል። «እማማ፣ እኔን ወንድ ካደረጉኝ ባሌ ሀሰኖ ምን ሊሆን ነው?» ስላቸው ይስቃሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አማርኛ መናገር የጀመሩት ካረጁ በኋላ፣ ሰበታ ዓለም ገና እኛ ግቢ ገብተው ነው። ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። እኔም ብሆን ከወራቤ መጥቼ የለመድኩት ከገበያ ነውና፣ ተማሪዋንም አስተማሪዋንም የሚያርም አልነበረም።

አገራቸው ከምባታ ነው፤ ከዱራሜ ወጣ ብሎ፣ ሀምበርቾ ተራራ ከሚታይበት መንደር። ዕድሜያቸውን እንሰት ሲፍቁ ኖረዋል። ከወለዷቸው ልጆች የቀሩላቸው ሁለት ነበሩ። ወንዱ እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ከዚያ በየበዓሉ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሞተ የሚል ሰው የለም፤ አለ የሚልም የለም። ሴቷ ሜሪ ሰበታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። አባቷ ሲሞቱ ወንድሞቻቸው መሬቱን ተካፈሉት። ሜሪ ሄዳ እናቷን በአውቶቡስ ይዛ መጣች። እማማ አጸደ ያኔ ሁለት ነገር ብቻ ይዘው ነበር የወረዱት፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ቅዱስ።

ሥራ መፍታት አይችሉም ነበር። ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ምስሬን ይለቅሙልኛል፣ ሽንኩርቴን ያበጥሩልኛል። «ይተዉት እማማ፣ እኔ እንኳ የማልለቅመውን» ስላቸው «እጅ ከተቀመጠ ይታመማል» ይሉኛል። ጸሎታቸውን ደግሞ ጮክ ብለው ነበር የሚጸልዩት። ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እንቀላለድ ነበር። «እማማ፣ ጌታዎ ጆሮው ይከብደዋል እንዴ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «እሱ ይሰማል። የምጮኸው እኔ እንዳልተኛ ነው» አሉኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በጸሎታቸው ቀልጄ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ምስር እየለቀሙ ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል እሳቸውም ወደ ግራ ዘመሙ። ስትሮክ ነው ተባለ። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አሉ። የለፋሁበት አማርኛም አብሮ ሄደ፤ ከምባትኛው ብቻ ቀረ። ቀን ጥሩ ሲሆን አንድ ሁለት ቃል ይመለስላቸዋል። በተረፈ ዓይናቸውን እያየን ነበር የምንገምተው፤ ውሃ ይሁን፣ ሽንት ይሁን፣ ብርድ ይሁን።

ፋብሪካ ማለት ፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት አዳር። ሜሪ ስትሄድ በሩን ቆልፋ ሁለተኛውን ቁልፍ ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ ሱቅ ውስጥ ሰው ሲቀንስ ሮጥ ብዬ አያቸዋለሁ፤ አጥሚት አጠጣቸዋለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ማንሳት አልችልም። አጥንታቸው ከባድ ነው፤ የገበሬ አጥንት። ሥራ ትልቀቅ እንዳይባል የቤት ኪራዩን ማን ይክፈል? አስታማሚ ትቅጠር እንዳይባል የአስታማሚዋ ደመወዝ ተከፍሎ ከራሷ ደመወዝ ምን ይተርፋታል? እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየን።

የቆየነው እስከ ዐረፋ ነው። እኛ የስልጤ ሰዎች ዐረፋን ከተማ አናከብርም፤ ሱቁን ዘግተን አገር ቤት መግባት ነው። ቁልፉን ለአከራያችን ሚስት ሰጥቼ ወራቤ ሄድኩ። እሷ ደግሞ ለቅሶ ተጠርታ ሆለታ ወረደች። ያን ቀን የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ መጣ። ግቢያችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎርፉ በሜሪ በር ሥር ገባ። ሜሪ ከፈረቃ ስትመለስ እናቷን ውሃ በጠጣ ፍራሽ ላይ አገኘቻቸው፤ ከወገባቸው በታች ርሰው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ። በደህና እጃቸው አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ደረታቸው ላይ አቅፈው ይዘው ነበር። እኔ ሳልሄድ በፊት ለመጫወቻ ይሁናቸው ብዬ የተውኩላቸው ምስር ነው። ከወራቤ ስመለስ መጀመሪያ ያሉኝ፣ አማርኛቸው ብቅ ብሎ፣ «ጠይባ፣ ምስርህ አልረጠበም» ነው። ሱቄ ገብቼ ከእህል ጆንያዎቹ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

ሜሪ ያን ሳምንት ነው «እትዬ ጠይባ፣ መጦሪያ ቤት ልፈልግላት ነው» ያለችኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። «በእኛ ዘንድ እናት አትጣልም!» ብዬ ጮኽኩባት። የእናቷን ልብስ ገለጥ አድርጋ ዳሌያቸውን አሳየችኝ። ቆዳው ቀልቶ፣ መሐሉ ላይ መቁሰል ጀምሮ ነበር። «አንቺ ሱቅሽን ትጠብቂ? እኔ ፋብሪካዬን ልጠብቅ? እሷን ማን ይጠብቃት?» አለችኝ። እኔም ቁጣዬን ዋጥኩና አብሬሽ ሄጄ እመርጣለሁ አልኳት። ለእናቷ ቦታ ስትመርጥ ብቻዋን መሆን አልነበረባትም።

መጀመሪያ ያየነው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን እንጦጦን ተሻግረን ወረድን። ትልቅ ቪላ ነው፣ ግቢው ሣር ነው። እያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ሲጫኑት የሚጮኽ ደወል አለ፤ አንዲት አሮጊት ስትጫነው ነርሷ ወዲያው መጣች፣ እኔው ራሴ አየሁ። አንሶላው ነጭ፣ ምግቡ ትኩስ፣ መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት ያለው። ሜሪ አንሶላውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ የፋብሪካ ልጅ ናት፣ ጨርቅ ታውቃለች። ኃላፊዋ ትሑት ሴት ነበረች። ሻይ ጋበዘችንና «ውጭ አገር ማን አላቸው?» ብላ ጠየቀችን። ሜሪ «ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ክፍያውን ስትነግረን እኔ ሻዬን አስቀመጥኩ። ሜሪ «እሺ፣ ተነጋግረን እንመለሳለን» አለች። በመመለሻችን አዲሱ ገበያ እስክንደርስ ድረስ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ሁለተኛው ቡራዩ ነው፤ ከአስኮ አልፎ። የሄድነው እሁድ ነበር፤ ሜሪ እረፍት የምታገኘው ያኔ ነውና። በሩ ጋ ስንደርስ ሙዚቃ ሰማን። አንድ ባለጸጋ የልጁን የመጀመሪያ ልደት ከአረጋውያኑ ጋር ሊያከብር መጥቷል። ድንኳን ተጥሏል፣ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ሽማግሌውም አሮጊቱም የሕፃኑ ፎቶ የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሰዋል። ዶሮ ወጡ በየሳህኑ ነው። እኔ የክርስቲያን ሥጋ ስለማልበላ ኬክና ለስላሳ ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ ዘፈነ፣ አሮጊቶቹ አጨበጨቡ፣ ካሜራው ይዞራል። ሜሪ ፊቷ በራ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት። «እትዬ ጠይባ፣ እዚህ ሰው አለ፤ እማዬ ብቻዋን አትሆንም» አለችኝ። እኔም ኬኬን እየበላሁ «አልሀምዱሊላህ፣ አገኘን» አልኩ። ኃላፊው ቦታ እንዳለ፣ መጠነኛ መዋጮ ብቻ እንደሚበቃ ነገረን። ደስ ብሎን ወጣን፤ ከደስታዬ ብዛት ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ።

ማክሰኞ ጃንጥላዬን ልወስድ ስነሳ ሜሪም ፈረቃዋ ከሰዓት ስለነበር ተከተለችኝ። ሽታው በሩ ጋ ተቀበለን። ፊኛዎቹ ሟሽሸው ገመዱ ላይ ቀርተዋል። አረጋውያኑ ያንኑ ቲሸርት ለብሰዋል፤ የእሁዱ ወጥ ደረታቸው ላይ ደርቋል፣ የሕፃኑ ፊት ላይ። ውስጥ ስንገባ አንዲት እናት በአንድ ቃና «ልጆች... ልጆች...» እያለች ትጣራለች። የሚሰማት የለም። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ባልዲ ይዛ ከአልጋ አልጋ ትሮጣለች። «ሌሎቹ ሠራተኞች የት ናቸው?» አልኳት። «የትኞቹ ሌሎች? እኔ ነኝ» አለችኝ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ምሳው ሾርባ ነው ተብሎ ቀረበ፤ የሞቀ ውሃ ነበር። ኃላፊው ሳያፍር፣ በሐዘን «እሁድ እሁድ አገር ይመጣል፣ እህቴ። ሠርግ ይዞ ይመጣል፣ ልደት ይዞ ይመጣል። ማክሰኞን ግን የሚያስብ የለም» አለኝ። ሰውየውን ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጃንጥላዬን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ቲማቲም ስገዛ ሳጥኑን ገልብጬ የታችኛውን አያለሁ፤ ከላይ ያለውን ማንም ያሳምረዋል። ለእማማ አጸደ ቤት ስመርጥ ግን በኬክ ተታለልኩ። ማን አይታለልም? የእኛ አገር ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ድንኳን ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል፣ ፎቶ ይፈልጋል። የተኛ ሰው መገላበጥ ያለበት ደግሞ በየቀኑ ነው። ሜሪ መንገድ ላይ ጃንጥላዬን ዘርግታ ያዘችልኝ፤ ዝናብ አልነበረም።

ሦስተኛውን ያገኘነው እዚሁ ሰበታ ነው፤ ከተማውን አልፎ በተፍኪ መንገድ። ትምህርት ስለወሰድን ሐሙስን መርጠን፣ ሳንናገር ሄድን። በሩን የከፈቱልን ኦቦ ጂሬኛ የሚባሉ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ? ግቡ ግቡ» ብለው የያዙትን ጀሪካን ሳያስቀምጡ አስገቡን። የጥበቃ ሠራተኛ መስለውኝ ነበር፤ ለካ ኃላፊው እሳቸው ናቸው። ቤቱ ድሃ ነው። ብርድ ልብሱ ግራጫ ነው፣ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ግን አይሸትም። ፀዲ የምትባል ተንከባካቢ የአንድ ሽማግሌ የእግር ጥፍር ትቆርጣለች፤ ሽማግሌው ይሰድቧታል፣ እሷም አጸፋውን ትመልስላቸዋለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። የሚሰዳደብ ሽማግሌ የጠገበ ሽማግሌ ነው። እኔ የአንዷን የተኛች እናት ብርድ ልብስ ገልጬ እጄን ሥሯ ከተትኩ፤ ደረቅ ነው። ሜሪ የሴትዮዋን ዳሌ አየች፤ ቁስል የለም። ሁለታችንም ተያየን።

«ታገላብጧቸዋላችሁ?» አለች ሜሪ። «ቀንም ማታም። ካላገላበጥን ኦቦ ጂሬኛ እኛን ይገለብጡናል» አለች ፀዲ።

እዚህ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኦቦ ጂሬኛ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው «እኛ የምንቀበለው ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ብቻ ነው» አሉን። «ልጅ ያለውን ከተቀበልን፣ ነገ ከተማው ሁሉ እናቱን በር ላይ ጥሎልን ይሄዳል። መንገድ ላይ የወደቀው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ቦታችን ይቺው ናት።» ትክክል ነበሩ። ትክክል መሆናቸው ነው ያናደደኝ። ገንዘብ ያለው ሱሉልታ ይገባል፤ ማንም የሌለው እዚህ ይገባል። ልጅ ያላት፣ ልጇ ግን የማትችል እናት የት ትግባ? የሚመልስልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ሜሪ ጣቶቿን እያፍተለተለች «ጎረቤታችን ናቸው» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «ልጅ የላቸውም?» አሉ ኦቦ ጂሬኛ። «የላቸውም» አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «እንግዲያው መጥተን እናያቸዋለን» አሉን።

ያን ምሽት ሜሪ ክፍል ውስጥ ተጣላን። እማማ አጸደ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፤ አማርኛው ጠፍቷቸዋል ብለን ድምፃችንን እንኳ ዝቅ አላደረግንም። «እናቴን ካድኳት፣ እትዬ ጠይባ። በአንድ ቃል ካድኳት» እያለች ታለቅሳለች። «እንዲህ ከሆነ ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው» እላታለሁ። «ከነገርኳቸው አይወስዷትም» ትላለች። «ካልወሰዷት እኔና አንቺ አለን» እላለሁ። «አንቺና እኔማ ነበርን እኮ» ትላለች። በመጨረሻ እንባዋን ጠረገችና ሲመጡ እውነቱን እናገራለሁ፣ የሚሆነው ይሁን አለች። እኔም በልቤ ይሻላል አልኩ።

በማግስቱ ኦቦ ጂሬኛና ፀዲ መጡ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ኦቦ ጂሬኛ ፍራሹ አጠገብ በርከክ ብለው የእማማን እጅ ያዙና ከፍ ባለ ድምፅ «እማማ፣ እንዴት ነዎት? ልጅ አለዎት?» አሏቸው። ሜሪ አፏን ከፈተች። እውነቱን ልትናገር ነበር፤ በዚህ እምላለሁ።

እማማ አጸደ ቀደሟት። ለስንት ጊዜ ጠፍቶ የነበረው አማርኛ ያን ሰዓት ሙሉውን መጣላቸው።

«ልጅ የለኝም» አሉ።

ከዚያ በደህና እጃቸው ወደ ሜሪ ጠቁመው፣ «ይሄ ጎረቤት ነው። መልካም ሰው ነው። ሥራ አለው፤ ይሂድ» አሉ።

ሜሪ ግድግዳውን ተደገፈች። ለካ ማታ የተባባልነውን ሁሉ አንድም ሳይቀር ሰምተዋል። ኦቦ ጂሬኛ «እሺ እማማ፣ አይዞዎት፣ ወደ ቤትዎ እንሄዳለን» አሉ። ፀዲና ሜሪ ደግፈው መኪና ላይ አወጧቸው። የጎረቤት እንባ ልክ አለው፤ ከልክ ካለፈ ያስጠይቃል። ሜሪ የልኩን አልቅሳ በሩን ዘጋችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ እንዲህ ነበር። ሜሪ የቤተ ክርስቲያኗን ሰዎች እናቴ ዱራሜ ተመለሰች አለቻቸው። እሁድ እሁድ በጎ ፈቃደኛ ሆና መጦሪያ ቤቱ ትሄዳለች። በጎ ፈቃደኛ ደግሞ እንደፈለገ አይሆንም። መጀመሪያ ቀን ገብታ ቀጥታ እናቷ አልጋ ላይ ስትቀመጥ ፀዲ «እህት፣ ሌሎቹም እንዳይከፋቸው፣ ሁሉንም ዙሪ» አለቻት። ስለዚህ ሜሪ የስንቱን እግር አጥባ፣ የስንቱን ፀጉር አበጥራ ነው እናቷ ጋ የምትደርሰው። ስትደርስ ሰዓቱ አልቋል። አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር፤ የሰዉን እግር እያጠበች ዓይኗ በመስኮቱ በኩል ያለው የእናቷ አልጋ ላይ ነው።

እማማ አጸደስ? ቤቱ ተስማማቸው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ዳሌያቸው ዳነ። ጉንጫቸው ሞላ። ከአንዲት የኦሮሞ እናት ጋር ጸሐይ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ አንዷ በከምባትኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ ሲያወሩ ይውላሉ፣ በሁሉም ነገር ይስማማሉ። ፀዲ ለእሳቸው ብላ ሐዋሳ የተማረች፣ ከምባትኛ የምትሰማ ጓደኛዋን በስልክ እየጠየቀች የከምባትኛ ቃላት ለቀመች፤ ውሃ፣ ሕመም፣ ብርድ። እናቴን እኔ ራሴ ብጦራት ከዚህ አላበልጥም ነበር። ግን አንድ ነገር ነበረ። እማማ አጸደ ተንከባካቢዎቹን ሁሉ፣ የሚመጡትንም ጎረምሶችና ልጃገረዶች ሁሉ «ልጄ» ነው የሚሉት። ሜሪን ግን አንድም ቀን «ልጄ» አላሏትም። «እንግዳው መጣ» ነበር የሚሉት። ፀዲ ሰምታ እንዳትጠረጥር፣ ልጃቸውን ከሥራ እንዳያስቀሩ፣ ቃላቸውን ይጠብቁ ነበር። ሜሪ እግራቸውን ስታጥብ ደህና እጃቸው ፀጉሯ ላይ ያርፍና፣ ሰው ሲመጣ ያነሱታል።

ክረምቱ እንደወጣ ፋብሪካው ትዕዛዝ በዛበትና እሁድም ሥራ ሆነ። ሜሪ አንድ እሁድ ቀረች፣ ሁለተኛውንም ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ፀዲ ደወለችላት። ሜሪ ማሽኗ ላይ ነበረች። «እኚያ ደጋግመሽ የምትጠይቂያቸው እናት፣ እማማ አጸደ፣ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ከቻልሽ ብቅ በይ» ነው ያለቻት። ቤተሰብ ሲሆን መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ አረጋግቶ፣ ደጋግፎ ነው የሚነገረው። ለሜሪ በስልክ፣ በማሽን ጩኸት መሐል ነገሯት። ሱቄ ደርሳ ጠረጴዛዬን ይዛ ቆመች። ፊቷን አይቼ ሚዛኔን አስቀመጥኩ። ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት።

ቀብሩ ላይ የመጦሪያ ቤቱ ሰዎችና ያን ቀን ቤቱን ሊጎበኙ የመጡ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ነበሩ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ አንድ ወጣት ሰባኪ የማያውቃቸውን እናት ሲያመሰግን «ማንም ያልነበራቸውን እኚህን እናት ጌታ ተቀበላቸው» አለ። ሜሪ እጄን ያዘችው። ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ ቤተሰብ በአንድ በኩል ተሰልፎ ይቆማል፤ ቀባሪው በፊቱ እያለፈ ያጽናናል። ለእማማ አጸደ የቆሙላቸው ኦቦ ጂሬኛ፣ ፀዲና ሌሎች ሁለት ተንከባካቢዎች ናቸው። እኛ ከቀባሪው ጋር ተሰለፍን። ሜሪ ከፊቴ ነበረች። ኦቦ ጂሬኛ ጋ ደርሳ እጇን ዘረጋች፤ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» አለች። ለገዛ እናቷ ሞት ሌላ ሰው አጽናናች። ያ አላህ፣ ይህን ያየሁበት ዓይን!

ፀዲ ጋ ስትደርስ ፀዲ እጇን ያዘችና አልለቅ አለቻት። ሲያለቅስ የዋለ ዓይን ነው ያላት። «አንቺም እኮ ደክመሽላቸዋል» አለቻት። «መጨረሻ ላይ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ልጄን ጥራልኝ› አሉኝ። ‹እኔ አለሁ እማማ› ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ‹አንተ አይደለህም› አሉኝ። ደጋግመው ‹ልጄን ጥራልኝ፣ ልጄን ጥራልኝ›። ልጅ የላቸው፤ ማንን ልጥራ? አእምሯቸው ሸሽቶ ነው ብለን አባበልናቸው። እንዲያውም ይወዷታል ብዬ ለአንቺ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ሥራ ላይ ናት፣ አላስቸግራት ብዬ ተውኩት።»

ሜሪ አልጮኸችም። እጇን ከፀዲ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ወደሚቀጥለው ሰው ማለፍ ነበረባት፤ አላለፈችም። ዞረችና ከፀዲ ጎን፣ ከተሰላፊዎቹ መሐል፣ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ቆመች።

ፀዲ ግራ ገብቷት አየቻት። ከዚያ ሌላ ዓይነት አየቻት፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦቦ ጂሬኛም ዘወር ብለው አዩ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ለሜሪ ቦታ ለቀቁላት።

ተራው የእኔ ነበር። ሜሪ ፊት ቆሜ በሁለት እጄ ያዝኳትና ከኋላዬ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «እናትሽ መልካም ሰው ነበሩ። እግዚአብሔር ያጽናናሽ» አልኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰባኪ ሰምቶ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ እሱም እጁን ዘረጋላት። ወጣቶቹም አንድ በአንድ እየመጡ «ያጽናናሽ» አሏት። ለእያንዳንዳቸው «አሜን» አለች፤ የመጨረሻው ልጅ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መቃብሩ ዞራ «እማዬ!» ያለችው።